ትእዛዙ ያልደረሰው እግር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ማኅበር በለንደን ባደረገው ጉባኤ ላይ ዊልያም ጆን ሊትል የተባለው ሐኪም ተነሥቶ፣ የምጥ ጭንቅ፣ ያለ ጊዜ መወለድና የአራስ ልጅ ትንፋሽ ማጣት በኋላ ዘመን በአካልና በአእምሮ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት የጻፈውን ድርሳን ሲያነብ፣ ሰዉ በየመንገዱ እያየ የሚያልፋቸውን፣ ነገር ግን የደዌያቸውን ሥር ጥቂቶች ብቻ የመረመሩላቸውን ሕፃናት በጉባኤተኛው ፊት አቆማቸው፤ እነርሱም ጉልበታቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ ጭናቸው የሚጠላለፍ፣ ተረከዛቸው ምድር ሳይነካ በጣታቸው ጫፍ ብቻ የሚራመዱ ልጆች ነበሩ።

ሊትል ስለ እግር ሲናገር ከመጽሐፍ ባገኘው ዕውቀት ብቻ አልነበረም። በሕፃንነቱ ልምሻ መትቶት ግራ እግሩ ተቆልምሞ ያደገ፣ በጐልማሳነቱም በ1836 ወደ ሃኖቨር ተሻግሮ ስትሮማየር በተባለው ቀዶ ሐኪም እጅ የተረከዙን ጅማት አስቆርጦ እግሩ የቀናለት ሰው ነበርና፣ ማንከስ ለልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ በገዛ ሥጋው ያውቀው ነበር። ደዌው ለብዙ ዘመን በስሙ «የሊትል ደዌ» ሲባል ከቆየ በኋላ፣ በ1889 ዊልያም ኦስለር የተባለው ሐኪም ስለዚሁ ነገር ባሳተመው መጽሐፍ የተጠቀመበት ስም እየጸና ሄዶ፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል፤ ወላጆችም በአጭሩ «ሲፒ» ይሉታል።

ይህ ደዌ ልጁ ገና በማኅፀን ሳለ፣ ወይም በምጥ ሰዓት፣ ወይም በተወለደባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በማደግ ላይ ያለው አንጎል ተጎድቶ፣ እንቅስቃሴንና የአካልን አቋም የሚገዛው ክፍል ሥራውን በሚገባ መፈጸም ሲሳነው የሚከሠት ነው። በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል ከ2 እስከ 3 የሚሆኑትን እንደሚያገኝ ለረጅም ዘመን ሲገመት ኖሯል፤ ዛሬ በባለጸጎቹ አገሮች የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና በመሻሻሉ ቁጥሩ ከ2 በታች ሲወርድ፣ ትንፋሽ ያጣ አራስ ልጅ ፈጥኖ በማይረዳበት፣ የአራስ ቢጫነት በጊዜው በማይታከምበት፣ ማጅራት ገትርም በሚበረታበት አገር ግን ከዚያ ከፍ ይላል። በአንጎል ላይ የደረሰው ቁስል ራሱ እየሰፋ አይሄድም። እየከፋ የሚሄደው ከቁስሉ በታች ያለው አካል ነው፤ አጥንት በየዓመቱ ሲረዝም የተገተረው ጡንቻ እኩል ሊረዝም ስለማይችል፣ በ3 ዓመቱ በሰው እጅ የሚታጠፍ የነበረው ቁርጭምጭሚት በ10 ዓመቱ ጨርሶ እንቢ ይላል።

ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሕልም ጽፎ ስሙ ከመግነኑ በፊት የነርቭ ሐኪም ነበር፤ በ1897 ስለ ሕፃናት ሴሬብራል ፓልሲ ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍም የሊትልን ሐሳብ መርምሮ፣ አንዳንድ ጊዜ ምጡ የሚከብደው ጽንሱ አስቀድሞ በማኅፀን ሳለ ተጎድቶ ስለ ነበረ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። እኔ ይህን ነገር እያንዳንዷ እናት ብትሰማው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ጎረቤት «የሰው ዐይን ነው»፣ ዘመድም «እርግማን ነው» ሲላት፣ እርሷ ራሷ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ «በዚያ ቀን ያን ከባድ እንስራ ባልሸከም ኖሮ» እያለች ስትብሰለሰል ብዙ አይቻለሁና።

ቁስሉ በየትኛው የአንጎል ክፍል እንደ ወደቀ ማወቅ የልጁን አካሄድ ለመረዳት ይጠቅማል። ያለ ጊዜያቸው በሚወለዱ ሕፃናት አንጎል ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉት ክፍት ቦታዎች ዙሪያ ያለው ነጩ ሥጋ ለደም እጥረት በጣም የተጋለጠ ነው፤ ለእግር የሚላከው ትእዛዝ የሚያልፍባቸው የነርቭ ጭረቶች ደግሞ ለእነዚያ ክፍት ቦታዎች ከሁሉ የቀረቡ በመሆናቸው፣ እጁ በመጠኑ የሚታዘዝለት፣ አንደበቱም የተፈታ ልጅ ሁለት እግሮቹ ብቻ እንቢ ሲሉት ይታያል። በጣም የበረታ የአራስ ቢጫነት የመታው አንጎል ግን በጥልቁ ክፍል ስለሚጎዳ፣ ልጁ ሳይፈልግ እጁ እየተጠማዘዘ፣ ፊቱም እየተኮማተረ ይኖራል። ከሁሉ የሚበዛው የጡንቻ መገተር ያለበት ዓይነት ነው፤ ከ10 ልጆች 8 ያህሉ በዚህ ይቆጠራሉ።

በዚህ ዓይነት ውስጥ አንድ ነገር በብርቱ ልብ ሊባል ይገባል። በልምሻ ጊዜ ከሕብለ ሰረሰር ወደ ጡንቻ የሚሄደው ሕዋስ ራሱ ስለሚሞት ጡንቻው ይልፈሰፈሳል፤ በሴሬብራል ፓልሲ ግን ጉዳቱ ከላይ ነው፣ ከሕብለ ሰረሰር እስከ ጡንቻ ያለው ነርቭ ጤነኛ ነው፣ ጡንቻውም በሕይወት አለ። ባት ያለ ልክ ይገተራል፣ ከቅልጥም ፊት ለፊት ያለውና እግርን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ግን ከላይ የሚመጣለት ትእዛዝ ስላነሰው ይደክማል፤ በዚህም ምክንያት የእግሩ ጫፍ መሬት መሬቱን እየጫረ ልጁ ይደናቀፋል። እንግዲህ ከታች ያለው ነርቭ ጤነኛ ከሆነ፣ ከአንጎል ያልደረሰውን ትእዛዝ ከውጭ፣ በቆዳው ላይ፣ በልኩ በተመጠነ ኃይለ ኤሌክትሪክ ማድረስ አይቻልምን? የዚህ ሕክምና መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

አንድ ማለዳ በአዲስ አበባ በአንድ የማገገሚያ ክፍል ውስጥ ሥራው ሲሠራ ተቀምጬ አይቻለሁ። ልጁ ወደ 7 ዓመት የሚጠጋ፣ ዐይኑ ንቁ የሆነ፣ ነገር ግን ቀኝ እግሩን በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚረግጥ ነበር፤ ያመጡት አያቱ ናቸው። ወጣቷ ፊዚዮቴራፒስት ከሳጥን ውስጥ መዳፍ የምታክል መሣሪያ አውጥታ ሁለት ሽቦዎች ስትሰካባት፣ አያትዮዋ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ኮረንቲ አይደለም ወይ? ልጁን እንዳያደርቅብኝ!»

«አይዞዎት እማማ፣ ከግድግዳው ጋር አይገናኝም፤ በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው» አለችና፣ የመሣሪያዋን ክዳን ከፍታ ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ አሳየቻቸው። «ደግሞ አስቀድሜ በእኔ ክንድ ላይ ነው የማደርገው፤ ከዚያ በእርስዎ፤ ከወደዱት ብቻ በእርሱ።»

እንዳለችውም አደረገች። አያትዮዋ ክንዳቸውን ሰጥተው፣ ንዝረቱ ሲጀምር ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጥቂት ቆይተው «ይሁን፣ አይከፋም» አሉ። ከዚያ በኋላ የልጁ ቅልጥም በሳሙና ታጥቦ ደረቀ፤ ሁለት ተለጣፊ ኤሌክትሮዶች ተዘጋጁ። አንደኛው ከጉልበቱ በስተ ውጭ ዝቅ ብሎ፣ ነርቩ በቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ራስ ላይ ተጠምዝዞ ከቆዳ ሥር በጣም ቀርቦ በሚያልፍበት ስፍራ ተለጠፈ፤ ሁለተኛው በቅልጥሙ ፊት ለፊት ባለው ጡንቻ ላይ። ፊዚዮቴራፒስቷ ኃይሉን ከዜሮ ጀምራ ቀስ በቀስ ስታሳድግ ዐይኗ ከልጁ ፊት ላይ አልተነሣም።

«ምን ይሰማሃል የኔ ጌታ?»

«ጉንዳን ነው የሚሄድብኝ።»

ጥቂት ስትጨምርለት የእግሩ አውራ ጣት ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መላው እግር፣ ልጁ ባላዘዘው ኃይል፣ ወደ ላይ ተሳበ፤ ሲቆምም ተመልሶ ወደቀ። ልጁ በድንጋጤና በደስታ መካከል ሆኖ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጥ መስሎ ታየኝ፤ እርሷ ትንሽ ኳስ አምጥታ ከእግሩ ጣት በላይ ይዛ፣ «አሁን ሲነዝርህ ዝም ብለህ አትቀመጥ፤ አንተም አብረህ ሳብና ኳሷን ንካት» አለችው። ንዝረቱ በመጣ ቁጥር ልጁ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ፈቃዱን ወደ እግሩ ለመላክ ይታገል ነበር። ኋላም ሳትነግረው ኃይሉን ቀነስ አድርጋ፣ ኳሷን ግን ከቦታዋ ሳታነሣ ጠበቀችው።

በመሣሪያው ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወደ ሌላው በሰከንድ ከ20 እስከ 50 ጊዜ ያህል አጫጭር ምት ይላካል፤ የእያንዳንዱ ምት ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ማይክሮሰከንድ ነው። ኃይሉ የሚለካው በሚሊአምፔር ነው። ምቱ ለጥቂት ሰከንድ ተልኮ ያርፋል፣ ዕረፍቱም ከሥራው ያነሰ እንዳይሆን ይደረጋል፤ ይህም ያለ ምክንያት አልተደነገገም። በተፈጥሮ ሥርዓት አንጎል ጡንቻን ሲያዝ አስቀድሞ ቶሎ የማይደክሙትን ቀጫጭን ጭረቶች ያስነሣል፣ ወፋፍራሞቹን ለከባድ ሥራ ያቆያቸዋል፤ ከውጭ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ግን ወፋፍራሞቹን ነርቮች አስቀድሞ ስለሚያገኛቸው፣ ቶሎ የሚዝለው የጡንቻ ክፍል በቅድሚያ ይሠራል፣ ጡንቻውም ከተለመደው ፈጥኖ ይደክማል። ሌላም ምሥጢር አለ፤ ያው ነርቭ ትእዛዝን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ስሜትንም ወደ ላይ ስለሚያመላልስ፣ እግሩ በተነሣ ቁጥር የመነሣቱ ወሬ ወደ ሕብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ ሲሠራም፣ የእንግሊዙ ሊቅ ሸሪንግተን ባስረዳው ሥርዓት መሠረት፣ ተቃራኒው ባት ለጊዜው ላላ ይላል።

ኤሌክትሪክን ለሕክምና ማዋል የቆየ ነገር ነው። በሮማዊው ንጉሥ በክላውዴዎስ ዘመን የነበረው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርጉስ፣ የሪህ ሕመምተኛ በባሕር ዳር ቆሞ እግሩ እስከ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ኤሌክትሪክ በምታመነጭ ዓሣ ላይ እንዲረግጥ ያዝ ነበር። ስለ አገራችን ብዙ ነገር ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍም በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ፣ ሐበሾች በየሦስትና በየአራት ቀን የሚመላለስ ንዳድ የያዘውን ሰው በገበታ ላይ አስረው ያችን ዓሣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ እንደሚያሳርፉበት፣ ሕመምተኛውም እጅግ እንደሚሠቃይ ጽፏል። ንዳዱ በዚያ ይድን ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ይህ ኃይል በሥጋ ላይ ብርቱ ሥራ እንደሚሠራ አባቶቻችንም እንዳስተዋሉ ያሳያል።

ነርቭና ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለሊቃውንት የተገለጠው ሉዊጂ ጋልቫኒ በቦሎኛ በእንቁራሪት እግር ላይ ያደረገውን ምርምር በ1791 ባሳተመ ጊዜ ነው። ነገሩን ወደ ሰው አልጋ ያመጣው ግን የፈረንሳዩ ዱሼን ነበር። ይህ ሰው በፓሪስ ሆስፒታሎች ውስጥ ሹመት አልነበረውም፤ የገዛ መሣሪያውን ይዞ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው፣ ከአንዱም ሕመምተኛ አልጋ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር። በውኃ የረጠቡ መንኪያዎችን በቆዳ ላይ እያሳረፈ ከሌሎቹ ለይቶ አንዱን ጡንቻ ብቻ ማሠራት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1855ም ይህን ጥበብ የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣ። ሊትል በለንደን ድርሳኑን ሲያነብ የዱሼን መጽሐፍ ከታተመ ገና 6 ዓመቱ ነበር፤ ደዌውና መሣሪያው ግን በሚገባ እስኪገናኙ 100 ዓመት ያህል ፈጀ።

በ1961 ቭላዲሚር ሊበርሰንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አንጎላቸው ደም በማጣቱ ግማሽ አካላቸው የሰነፈ አዋቂዎችን ይዘው አዲስ ነገር አሰቡ። ኤሌክትሪኩ በአልጋ ላይ ለተኛ ጡንቻ ሳይሆን በመራመድ ላይ ላለ ሰው፣ በሚያስፈልገው ቅጽበት ብቻ እንዲደርስ፣ በጫማው ተረከዝ ውስጥ ማብሪያና ማጥፊያ አኖሩ፤ ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ ንዝረቱ ይጀምራል፣ እግሩም ይነሣል፤ ተረከዙ ሲያርፍ ንዝረቱ ይቆማል። ሊበርሰን አንዳንዶቹ ሕመምተኞች መሣሪያው ከተፈታላቸው በኋላም ለጥቂት ጊዜ እግራቸውን በፈቃዳቸው ሲያነሡ አየ። በዩጎዝላቪያ በልዩብልያና ከተማ ሎይዜ ቮዶቭኒክና ጓደኞቹ ይህንኑ አስፋፉት፤ በ1970ዎቹም በዚያ አገር ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች መሣሪያውን ታጥቀው መራመድ ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው ስለሚገባ ዘርዘር አድርጌ እናገራለሁ። በ1990ዎቹ በካናዳ በቶሮንቶ የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም የሆነችው ካረን ፔፕ ሌላ መንገድ አቀረበች። ልጁ ሌሊት ተኝቶ ሳለ፣ ጡንቻውን ከቶ የማያንቀሳቅስ እጅግ ዝቅተኛ ኃይል ከ8 እስከ 12 ሰዓት ድረስ ሲላክበት፣ የእድገት ሆርሞን በእንቅልፍ ጊዜ በብዛት ስለሚመነጭ፣ ወደ ደከመው ጡንቻ የሚሄደው ደም ጨምሮ ጡንቻው ይፋፋል የሚል ሐሳብ ነበር። በጥቂት ልጆች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ተስፋ ሰጠ። ነገሩ ለወላጅ ምን ያህል እንደሚያጓጓ መገመት አይቸግርም፤ ልጁ አያለቅስም፣ አይታገልም፣ እናት ማታ ለጥፋለት ታድራለች፣ ሲነጋ ትፈታለታለች፤ ሕክምናውም ራሱ በሌሊት ሥራውን ይሠራል። ብዙ ቤተ ሰብ ተከተለው። በቫንኩቨር ደግሞ መገተርን ለመቀነስ የጀርባ ነርቮቻቸው ተመርጠው የተቆረጡላቸው ልጆች በዚህ ሕክምና እንደ ተጠቀሙ በ1997 ተዘገበ።

ሆኖም ተስፋ መመርመር አለበት። በኖርዌይ በ2001፣ በዴንማርክም በ2002 ሊቃውንት ነገሩን ጥብቅ በሆነ መንገድ ፈተሹት። በዴንማርኩ ጥናት 57 ልጆች ለ12 ወራት ክትትል ሲደረግባቸው፣ አንዳንዶቹ እውነተኛውን መሣሪያ፣ ሌሎቹ መልኩ አንድ የሆነ ግን ኃይል የማይልክ መሣሪያ ተሰጣቸው፤ ማን የትኛውን እንደ ያዘ ልጁም፣ ወላጁም፣ መርማሪውም አያውቁም ነበር። መጨረሻ ላይ ሲለካ በእንቅስቃሴ፣ በመገተርም ሆነ በጡንቻ መጠን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በኖርዌዩ ጥናት ደግሞ አብዛኞቹ ወላጆች ልጃቸው እንደ ተሻለው በሙሉ ልብ ሲመሰክሩ፣ ልጁ በየትኛው ወቅት ሕክምና ላይ እንደ ነበረ ሳያውቁ ፊልሙን የተመለከቱት ባለሙያዎች ግን ለውጥ ሊያዩ አልቻሉም።

እነዚያን ወላጆች ማንም እንዲነቅፋቸው አልፈቅድም። ልጁን በየዕለቱ በትኩረት የሚመለከት ወላጅ በየዕለቱ አንድ አዲስ ነገር ያያል፤ ልጅም በዕድሜው ያድጋል፣ ይማራል፤ ሕክምና ባይኖርም ይለወጣል። ፍቅር ያየውን ነገር ለይቶ ከምን እንደ መጣ ማወቅ ግን ያለ ማነጻጸሪያ አይቻልም። ስለዚህ «የእገሌ ልጅ በዚህ ማሽን ተራመደ» የሚል ወሬ ይዞ ከወላጅ ብዙ ገንዘብ የሚቀበል ሰው፣ የዴንማርኩን ውጤት እያወቀ ዝም ካለ፣ በደል ይፈጽማል ብዬ አምናለሁ።

በ2006 የታተመው የቤልፋስቱ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አጠራው። 60 ልጆች በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ጡንቻን በግልጥ የሚያሠራውን ኃይል በቀን ለአንድ ሰዓት፣ ሌላው የሌሊቱን ዝቅተኛ ኃይል፣ ሦስተኛው የማስመሰያውን መሣሪያ ለ16 ሳምንት በጭናቸው ላይ አደረጉ፤ በጡንቻ ብርታትም ሆነ በእንቅስቃሴ የሚታመን ልዩነት አልታየም። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ቺዩና አዳ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ኤሌክትሪኩ ልጁ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ የተሰጠባቸውን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ ግን ሌላ ነገር አገኙ፤ ይህ ዓይነቱ ሕክምና ከምንም ይሻላል፣ ልጁ ያንኑ ሥራ ያለ ኤሌክትሪክ አጥብቆ ከሚለማመድበት ግን አይበልጥም።

ይህ የመጨረሻው ቃል ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ መፍቻ አድርጌ የማየው ነው። ተኝቶ የሚያድረው እግር ኤሌክትሪኩን ሲቀበል ከማንም ጋር አልተባበረም፤ ኳሷን ለመንካት ግንባሩን የሚቋጥረው ልጅ ግን ከላይ የሚላከው ደካማ ትእዛዝ ከውጭ ከሚመጣው ምት ጋር በአንድ ቅጽበት እንዲገናኝ ያደርጋል፣ ከዚያም እግሩ ሲነሣ ምን እንደሚመስል አንጎሉ ይሰማዋል። የልጁ ፈቃድ ከሌለበት መሣሪያው ጡንቻን ያንቀሳቅሳል እንጂ ልጁን አያራምደውም። የአውስትራሊያዋ ኢዮና ኖቫክና ባልደረቦቿ ለሴሬብራል ፓልሲ የሚሰጡትን ሕክምናዎች ሁሉ በማስረጃ ብርታት ሲመዝኑ፣ ልጁ ራሱ የሚፈልገውን ሥራ ደጋግሞ የሚለማመድበትን ዘዴ በፊተኛው ረድፍ ያኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

መሣሪያው ግን ከቶ አይናቅም። ገና ከጅምሩ እግሩን ማንሣት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልጅ፣ ወይም ጡንቻው ከመድከሙ የተነሣ ልምምዱን መጀመር ለማይችል፣ ኤሌክትሪኩ የመጀመሪያውን እርምጃ ያሳየዋል። በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋም ባልደረቦች በ2012 ያሳተሙት ጥናት፣ ከጉልበት በታች የሚታጠቅና የቅልጥምን ማዘንበል ተከትሎ በእርምጃው ጊዜ ብቻ ነርቩን የሚያነቃቃ መሣሪያ ለወራት ያደረጉ ልጆችና ወጣቶች በደንብ እንደ ተላመዱት፣ እግራቸውም በሚነሣበት ቅጽበት ይበልጥ ወደ ላይ እንደ ታጠፈላቸው አሳይቷል። ቁርጭምጭሚትን አስሮ ከሚይዘው የፕላስቲክ ድጋፍ ይልቅ ይህን የሚመርጥ ልጅ አለ፤ ጫማው ይገባለታል፣ ቁርጭምጭሚቱም ይንቀሳቀሳል። ያም ቢሆን ጥቅሙ ከሁሉ በላይ የሚታየው መሣሪያው በእግሩ ላይ ሳለ ነው፤ ይህንንም ለወላጅ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ባቱ አጥሮ የጠነከረበት፣ ቁርጭምጭሚቱ በሰው እጅ እንኳ የማይታጠፍ ልጅ ደግሞ አስቀድሞ የጄሶ ወይም የቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

ጥንቃቄው አጭር ነው፤ መተላለፍ ግን የለበትም። በልቡ ላይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት፣ የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተገታለት፣ ዕጢ ያለበት ልጅ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሞከርበትም፤ በአንገት ፊት ለፊት፣ በቆሰለ ቆዳ ላይም ኤሌክትሮድ አይለጠፍም። ሕመሙን በአንደበቱ መግለጽ የማይችል ልጅ ከሆነ፣ ፊቱንና ትንፋሹን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

አያትዮዋ ልጁን ለሦስት ዓመት ያህል ጸበል ሲያመላልሱት እንደ ቆዩ በዚያ ማለዳ ነግረውኛል፤ አሁንም አላቋረጡም፣ ሊያቋርጡም አይገባም። እርሳቸው ሲናገሩ በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት የሚታሰበው መጻጉዕ ትዝ አለኝ፤ በመጠመቂያው ዳር 38 ዓመት የተኛው፣ ውኃው አጠገቡ እያለ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነበርና። በአገራችንም ከመሣሪያው ይልቅ የሚጎድለው ሰው ነው። በ1962 በመናገሻ የተጀመረው የቼሻየር አገልግሎት በልምሻ የተጎዱ ልጆችን በድጋፍ ብረትና በልምምድ ያቆም ነበር፤ ጐንደር ዩኒቨርሲቲም ፊዚዮቴራፒስቶችን እያስተማረ ያወጣል፤ ነገር ግን ከአንድ ገጠር ቀበሌ ተነሥታ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወደ ከተማ የምትወርድ እናት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ አትችልም። ስለዚህ ሥራው ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ቤት መግባት አለበት፤ እናቲቱ፣ ወይም አያቲቱ፣ ወይም ታላቅ እኅቱ የኤሌክትሮዱን ስፍራ በቆዳው ላይ በእስክሪቢቶ ምልክት ተደርጎላት፣ ኃይሉን ከስንት ጀምራ በስንት እንደምታቆም ተምራ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ንዝረቱ ሲመጣ ልጁን በምን ጨዋታ እንደምታሠራው ለምዳ መሄድ ትችላለች።

ይህም በሚታሰብበት ጊዜ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር እንዳይረሳ እለምናለሁ። የእርዳታ መሣሪያ በሣጥን ሲመጣ አይቻለሁ፣ ከጥቂት ወራትም በኋላ በቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት አይቻለሁ፤ መሣሪያው ተበላሽቶ ሳይሆን ተለጣፊዎቹ ኤሌክትሮዶች አልቀው ነው። ተለጣፊው በአቧራና በላብ ከጥቂት ደርዘን ጊዜ በላይ አያገለግልም፣ ሌላ ለማስመጣትም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ከካርቦን ጎማ የተሠራው ዓይነት ግን በጄል ወይም በረጠበ ስፖንጅ ቆዳ ላይ ተደርጎ በጨርቅ ቀበቶ ስለሚታሰር፣ ሲጨርሱም በውኃ ታጥቦ ስለሚደርቅ፣ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ ለሆስፒታልም ሆነ ለቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የዚህን መኖር ይጠይቅ።